ሥዕል አልችልም ብለሽ ፋሽን ዲዛይንን አትተይው፦ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታቴ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ ሀዋሳ ፋሽን ዲዛይን መማር ከጀመርሽ ገና ሦስተኛ ሳምንትሽ መሆኑን፣ አብረውሽ የሚማሩት ልጆች የሚያምር ሥዕል ሲሥሉ የአንቺ እጅ ግን እሺ እንዳላለሽ፣ በዚህም ምክንያት ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል ለመዛወር እንዳሰብሽ ጽፈሻል። የምትቀጥዪ ከሆነም የስፌት መኪና ከአሁኑ መግዛት ይኖርብሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ከተማ ተምሬ ዛሬ አነስተኛ የስፌት ቤት የምመራ በመሆኔ፣ ያለፍኩበትን በዝርዝር ልጻፍልሽ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ትምህርቱን አትተይው፤ መኪናም አትግዢ። በእነዚህ ሳምንታት ከሁለቱም ይልቅ የሚያስፈልግሽ በትክክል መለካት ነው።

ስለ ሥዕሉ ብዙ አትጨነቂ። የአዋቂ ሰው ቁመት የጭንቅላቱ ርዝመት ሰባት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ በፋሽን ሥዕል ግን ልብሱ ጎልቶ እንዲታይ ሰውነቱ ብዙውን ጊዜ የጭንቅላቱ ዘጠኝ እጥፍ ተደርጎ፣ በተለይም እግሩ ረዝሞ ይሣላል። ስለዚህ የአንቺ ሥዕል አጭርና ድፍን መስሎ የሚታይሽ እውነተኛውን ሰው ስለምትሥዪ ሊሆን ይችላል። አንድ የተስተካከለ የሰውነት ቅርጽ ከወረቀትሽ ሥር አድርገሽ በላዩ ላይ ልብሱን ብቻ መሣል በሙያው የተለመደ አሠራር ስለሆነ አትፈሪው። ደግሞም ልብሱን የሚቆርጠው ሰው የሚያነበው ያማረውን ሥዕል ሳይሆን ከፊትና ከኋላ የተሣለውን፣ የስፌት መስመሩን፣ ኪሱንና የዚፑን ቦታ የሚያሳየውን ጠፍጣፋ ሥዕል ነው፤ እርሱ ደግሞ በማስመሪያም ይሠራል። እጅሽን ለማፍታታት ከፈለግሽ እሑድ ጠዋት ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወጡትን እናቶች ነጠላ ተመልከቺ፤ ጨርቁ ከትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወርድና የት ላይ እንደሚታጠፍ ብቻ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ሣዪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአራተኛው ሳምንታችን የመጀመሪያውን ጉርድ ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ፣ እንድናወጣ ታዘዝን። የጓደኛዬን ወገብ ስለካ 68 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ለምቾት አንድ ጨምሬ 69ኙን ለአራት አካፈልኩና ሩቡን 17 ከሩብ አድርጌ በእንጨት ማስመሪያ ሣልኩት። አቡጀዲውን ቆርጬ ሰፋሁት። ጓደኛዬ ስትለብሰው ግን ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ስፌቴ የተጣመመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተርትሬ ሁለት ጊዜ መልሼ ሰፋሁ፤ ጨርቁ በመርፌ ብዛት ተበሳስቶ ሊቀደድ ደረሰ፤ እኔም እንደ አንቺ ‘ይህ ሙያ የእኔ አይደለም’ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ መምህራችን ምንም ሳትናገር ሜትሬን ተቀብላ ከእንጨቱ ማስመሪያ ጎን ዘረጋችው። በርካሽ የገዛሁት ሜትር ለካ ተለጥጦ ኖሯል፤ 100 የሚለው ቁጥር 103 ላይ አረፈ። የጓደኛዬ ወገብ 70 ነበር፤ እኔ የሠራሁላት 69 ነው። ስለካም ስሥልም በዚያው ሜትር ተጠቅሜ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ልብሱ ልክ ይሆን ነበር፤ በተለጠጠ ሜትር ለክቼ በቀጥተኛ ማስመሪያ በመሣሌ ነው የተበላሸው። እስከ ዛሬ በስፌት ቤቴ አዲስ ሜትር ሲገዛ በማስመሪያ ሳይፈተሽ በማንም አንገት ላይ አይንጠለጠልም።

ሌላው የዚያን ጊዜ የተማርኩት ነገር ሩቡ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ፓተርን የምናወጣው ለሰውነት ሩብ በመሆኑ፣ በእርሳስሽ ውፍረትና በጠመኔሽ መዶልዶም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብትስቺ፣ አራቱም ሩብ ሲገጣጠም ስሕተቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ እርሳስሽ የሾለ፣ ጠመኔሽም የተሳለ ይሁን። ሰው ስትለኪ ወገቡ ላይ ቀጭን ክር እሰሪና ቁመቶችን ሁሉ ከክሩ ጀምረሽ ለኪ፤ በወፍራም ሹራብ ላይ አትለኪ፤ የሚለካው ሰውም ሆዱን ሳይስብ እንደ ወትሮው ይተንፍስ።

ከመለካት ቀጥሎ ጨርቅ ማወቅ ይመጣል። ገበያ ስትሄጂ ከየጨርቁ ቁራጭ ለምነሽ ሰብስቢ። ከቁራጩ ሁለት ሦስት ክር መዘሽ በመቆንጠጫ ይዘሽ በክብሪት ለኩሺው፤ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት የሚፈርስ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ከሆነ ተኮማትሮ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ድሩ ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ እንደሚሄድ አስተውዪ፤ ፓተርኑን ከድሩ አዛብተሽ ካስቀመጥሽው ልብሱ ከታጠበ በኋላ ይጠማዘዛል። ጥጥ ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር ከመቁረጥሽ በፊት አጥበሽ ተኩሺው።

በሽመና የተሠራ የባህል ልብስ ሲገጥምሽ ደግሞ አስተሳሰብሽ ሁሉ መለወጥ አለበት። ጨርቁ ሳሳ ያለና ዳሩ ቶሎ የሚተረተር በመሆኑ ሰፋ ያለ የስፌት ትርፍ ይፈልጋል፤ ጥለቱ ያለው በሸማኔው በተወሰነው ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ቁመቱን የምንለካው ከጥለቱ ተነሥተን ወደ ላይ ነው። አንዲት ሙሽራ ያመጣችውን ቀሚስ ከላይ ጀምሬ ቆርጬ፣ ታች ስደርስ ጥለቱ በመቀስ ሊበላ ሲል ያየሁት ድንጋጤ አይረሳኝም።

መኪና አትግዢ ያልኩሽ ገንዘብሽ እንዲተርፍ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ክር በሌለው መርፌ፣ በተሰመረ ወረቀት ላይ፣ መስመሩን ሳትስቺ መሄድ ናቸው፤ ይህም በትምህርት ቤት ባለው በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ይበቃል። በዚያ ምትክ ለቅዳሜ ከሰዓት አንድ ታማኝ ልብስ ሰፊ ፈልጊና አብረሽው ለመቀመጥ ጠይቂ። እኔ በሰፈራችን አንድ አዛውንት ዘንድ ስገባ ለአንድ ወር ያህል መርፌ አላስነኩኝም፤ አሮጌ ኮት ሰጥተው ‘ልጄ፣ መጀመሪያ ይህን ተርትሪ፤ ገበሩ ከኮሌታው ጋር የት እንደተገናኘ ስታገኚው ንገሪኝ’ አሉኝ። አንድ ኮት ለመተርተር ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ በክፍል ውስጥ በቃል ብቻ ስሰማ ያልገባኝ የኮት ስፌት ቅደም ተከተል ግን በጣቶቼ ገባኝ። የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሲቃረብ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ስለሚበዛባቸው የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ያን ጊዜ ቁልፍ በመትከልና በመተኮስ ብትጀምሪ ብዙ ታያለሽ።

ስለ ሥራ ዕድሉ በአጭሩ፦ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙዎቻችን ዲዛይነር ሆነን የምንቀጠር መስሎን ነበር፤ እዚያ የሚሰፋው ግን በአብዛኛው ዲዛይኑ ከውጭ አገር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ልብስ ነው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው የንግድ ዕድል) ካገደች በኋላ ደግሞ ወደዚያ አገር የሚላከው ከቀረጥ ነጻ የነበረውን ዕድሉን አጣ። ፋብሪካ ብትገቢም ሆነ የራስሽን ቤት ብትከፍቺ የሚፈለግብሽ ፓተርን ማውጣት፣ ናሙና መስፋትና ጥራት መለየት ነው፤ ሦስቱም ከሜትሩ ይጀምራሉ።

የትምህርት ክፍል ለመቀየር ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት አንድ ጉርድ ጨርሰሽ እዪው። ለዛሬ ማታ ግን ሜትርሽን ከማስመሪያ ጎን ዘርጊና 100 የሚለው ቁጥር የት ላይ እንዳረፈ እዚሁ ጻፊልኝ።