ጥጃውን መምህር ያደረገ ማሽን

ከሜሪላንድ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 27 ዓመቴ ነው። በስኮላርሺፕ ጃፓን ተምሬ መጥቻለሁ፤ የጃፓንኛ ፈተናም ኤን 2 ደረጃን (ከላይ ሁለተኛውን) አልፌያለሁ። አሁን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የአንድ ዓመት ኮንትራት አቀረበልኝ። ሥራው የጃፓንኛ መጻሕፍት መዝገቦችን ማረም ነው። ኮምፒውተር ወደ ላቲን ፊደልና ወደ ዓለም አቀፍ ቅርጽ ቀይሯቸዋል፤ እኔ ስህተቱን እለቅማለሁ። በሳምንት 25 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 24 ዶላር ይከፍላሉ፤ ኢንሹራንስ የለውም። እናቴ የኮንዶሚኒየም ክፍያ አለባት፤ ‹ነርስነት ተማሪ› ትለኛለች። እኔ ሆስፒታል መግባት እንኳ አልወድም። ወንድሜ ደግሞ ‹ማሽን የሠራውን መልቀም ምን ሥራ ነው? ነገ ማሽኑ ራሱ ያርመዋል› ይላል። እውነቱን ነው? ኤን 2ስ ይበቃል? የላይብረሪ ማስተርስ የለኝም።»

ታናሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ገንዘቡም ስለ እናትሽም እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የወንድምሽን ቃል ልያዘው፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። «መልቀም» አለው። ይህን ቃል እኔም ለዓመታት ሰምቼዋለሁ።

አንቺ የምታውቂውን ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ላስረዳ። ጃፓኖች ካና የሚባል ፊደል አላቸው። እንደኛ ፊደል አንዱ ምልክት ድምፁን ከነአናባቢው ይይዛል። በካና «ኮ»፣ «ኡ»፣ «ሺ» ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ቃል ሊሆን ይችላል። አንደኛው «ኮ» ረዝሞ የሚነበበው ነው፤ አስተማሪ ማለት ነው። ሁለተኛው «ኮ» እና «ኡሺ» ነው፤ «ኮ» ልጅ፣ «ኡሺ» ላም። ጥጃ ማለት ነው። ካንጂ በሚባለው በቻይና መሰሉ ጽሕፈት ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ብዙ የመቀየሪያ ፕሮግራሞች ግን የሚሠሩት በካና በተጻፈው ንባብ ላይ ነው። ለማሽኑ የተሰጠው ሕግ ቀላል ነው፤ ከ«ኦ» ድምፅ ቀጥሎ «ኡ» ካየህ አንድ ረጅም «ኦ» አድርገህ በላዩ ሰረዝ አስምር ይላል። ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ቶኪዮም ኪዮቶም በላቲን የሚጻፉት በዚሁ ሕግ ነው። ጥጃው ሲመጣ ግን መምህር ሆኖ ይወጣል።

በሰው ስም ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኢኖውኤ በጃፓን የታወቀ የቤተሰብ ስም ነው። በካና «ኢ»፣ «ኖ»፣ «ኡ»፣ «ኤ» ነው። ማሽኑ «ኖ»ን እና «ኡ»ን ያጣብቃቸዋል፤ «ኡ»ዋ ትጠፋለች። በትክክለኛው አጻጻፍ የሚፈልግ ሰው ያን ደራሲ አያገኘውም። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ለዓለም ግን የለም።

ሳቺኮ እና ዩኪኮ የሚባሉ ሁለት የሴት ስሞችም አሉ። በአንድ ዓይነት ካንጂ ሊጻፉ ይችላሉ። የትኛዋ ናት? ይህን የሚወስን የሰዋስው ሕግ የለም። ወላጆቿ የመረጡት ነው። የጃፓን መንግሥት ራሱ የስምን ንባብ በቤተሰብ መዝገብ ላይ ማስፈር የጀመረው በ2025 ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኩሽ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ታዲያ አራሚው ምን ያደርጋል? መጽሐፉን ገልብጦ መጨረሻውን ያያል። የጃፓን መጻሕፍት ከኋላ ኦኩዙኬ የሚባል ገጽ አላቸው። ርዕሱ፣ ደራሲው፣ አሳታሚው፣ የታተመበት ቀን እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የደራሲው ስም ንባብም አብሮ አለ። እዚያ ካላገኘ የጃፓን ብሔራዊ የፓርላማ ቤተ መጻሕፍት የደራሲያን ስም መዝገብ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ካላቸው የልደት ዓመት ያመሳክራል፤ ከዚህ በፊት ምን እንደጻፉ ያያል። ከዚያ ይወስናል። ይህ ማስረጃ ሰብስቦ ፍርድ መስጠት ነው። መልቀም አይባልም።

ይህ ሥራ ከየት እንደመጣም እወቂ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠቅምሻል። የጃፓን ፓርላማ ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው በ1948 ነው። በጃፓን የሚታተም መጽሐፍ በሕግ እዚያ ይገባል። መዝገቦቹን በኮምፒውተር ቅርጽ ማሠራጨት የጀመረው በ1981 ነበር፤ ቅርጹ ግን የራሱ ነበር። ዓለም በብዛት ወደሚጠቀምበት፣ ማርክ 21 ወደሚባለው የመዝገብ ቅርጽ የተዛወረው በ2012 ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የጃፓንኛ ፊደልን በኮምፒውተር መዝገባቸው ውስጥ ማስገባት የቻሉት ከ1983 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተመዘገበው በላቲን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬም ካንጂው ያልገባላቸው አሮጌ መዝገቦች አሉ። ሥራው በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ከካንጂ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ካንጂ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ግማሹ እውነት ነው፤ አልዋሽሽም። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ካናውን ብቻ ሳይሆን ካንጂውንም ያነባሉ። ጥጃና መምህር መምታታቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ጃፓንኛ በቃላት መሃል ክፍተት ስለሌለው ቃል መለየትም ለማሽን ፈተና ነበር፤ እሱም እየተሻሻለ ነው። በቀን መቶ መዝገብ ከፍቶ ሰረዝ ማስመር ብቻ ከሆነ ሥራሽ፣ ያ ሥራ አይቆይም። ይህን አውቀሽ ግቢ።

ቀሪው ግማሽ ግን ተሳስቷል። ድሮ የማሽን ስህተት ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። አሁን ትክክል መስሎ ይመጣል። ዩኪኮ የሚለው ስም ምንም እንከን የለበትም፤ ሴትየዋ ግን ሳቺኮ ናት። ይህን የሚይዘው የተጠራጠረ ሰው ነው። መጠራጠር ደግሞ ከማወቅ ይመጣል።

የዘመን አቆጣጠሩን ተመልከቺ። የጃፓን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የታተመበትን ዓመት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይጽፋል። ሾዋ 50 ማለት 1975 ነው፤ 1925 ትደምሪበታለሽ። ሾዋ 64 ግን ሰባት ቀን ብቻ ነው የቆየው። ጃንዋሪ 7 ቀን 1989 ንጉሠ ነገሥቱ ሲያርፉ በማግስቱ ሄይሴይ 1 ተባለ። ስለዚህ 1989 ሁለት ስም አለው።

ይህን ስጽፍልሽ የራሴ ጠረጴዛ ትዝ ይለኛል። እኔ አማርኛና ትግርኛ መጻሕፍትን 12 ዓመት መዝግቤያለሁ። አዲስ አበባ በ1967 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በፈረንጅ 1974 ወይም 1975 ነው። ማሽኑ 1967ን እንዳለ ይወስደዋል። ያኔ መጽሐፉ በንጉሡ ዘመን የታተመ ይመስላል፤ የታተመው ግን በደርግ ጊዜ ነው። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትንሽ ልዩነት ነው? «ገና» የሚለውን ቃልም አስቢው። በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና አልደረሰም» የምንለው? ስንናገር በማጥበቅና በማላላት እንለየዋለን፤ ፊደላችን ግን አያሳየውም። በላቲን የሚጽፈው ሰው መለየት አለበት።

አንድ ጊዜ የሠራሁበት ቤተ መጻሕፍት ብዙ መዝገብ ሳይታረም ወደ ካታሎጉ ጫነ። ማሽኑ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ አንዱን ደራሲ ሁለት ሰው አድርጎት ነበር። አንድ ተመራማሪ የዚያን ደራሲ መጽሐፍ ፈልጎ ከሌላ ከተማ መጣ። ካታሎጉ «የለም» አለው፤ ተመልሶ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ መጽሐፉን አገኘሁት። ከጠረጴዛዬ ሃያ እርምጃ ላይ ነበር። ሰውዬው አድራሻ አልተወልንም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና ምክሬ ግቢበት ነው። ግን አንድ በአንድ እያረምሽ ብቻ አትቀመጪ። ደብተር ያዢ። ስህተቱ ሲደጋገም ከየት እንደመጣ ጻፊ። ከየትኛው አሳታሚ? ከየትኛው ዘመን መዝገብ? ከየትኛው የፕሮግራሙ ሕግ? በሦስተኛው ወር ዝርዝሩን ይዘሽ ወደ ፕሮግራመሩ ሂጂ። ያን ቀን አራሚ ብቻ መሆንሽ ያበቃል። ጎን ለጎን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ያወጡትን የጃፓንኛ የላቲን አጻጻፍ ሕግ ከዳር እስከ ዳር አንብቢ። በተለይ ቃል ስለመለየት የሚናገረውን ክፍል። ማርክ 21 ውስጥ ደግሞ 880 የሚባለውን መስክ፣ ማለት የመዝገቡን ክፍል፣ ተማሪ። ዋናው ጽሕፈት ከላቲኑ ጋር የሚጣመረው በእሱ ነው፤ ጥንዶቹ ሲምታቱ አንቺ ነሽ የምታስታርቂያቸው። ይህ ዕውቀት ለዓረብኛም፣ ለዕብራይስጥም፣ ለአማርኛም ይሠራል። ኮንትራቱ ቢያልቅ ይዘሽው ትወጫለሽ።

ስለ ማስተርሱ። አሜሪካ ውስጥ ላይብረሪያን የሚል ማዕረግ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪውን ይጠይቃል። ለዚህ ኮንትራት ግን አልጠየቁሽም። አሁን ተበድረሽ አትማሪ። መጀመሪያ ሥራውን ቅመሺው፤ ከዚያ ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ቦታ ፈልጊ። ማርክን የፈጠረችው ሄንሪየት አቭራም ራሷ ፕሮግራመር ነበረች እንጂ ላይብረሪያንነት ተምራ አልመጣችም።

ኤን 2 ለመጀመር ይበቃል። በዓመቱ ውስጥ ለኤን 1 ተዘጋጂ።

አሁን ገንዘቡ። 25 ሰዓት በ24 ዶላር በሳምንት 600 ዶላር ነው፤ ያውም ከግብር በፊት። በዚህ ብቻ ሜሪላንድ ውስጥ ተከራይቶ መኖር ከባድ ነው። ስለዚህ ሆቴሉን አትልቀቂ። አለቃሽን ቅዳሜና እሁድ ሁለት ፈረቃ ጠይቂ። ኢንሹራንሱን በግዛቱ የጤና መድን ገበያ፣ በሜሪላንድ ኸልዝ ኮኔክሽን፣ ከመፈረምሽ በፊት አስልተሽ እወቂ። ይደክማል። እኔ የጀመርኩት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅኩ ቀን ቀን መዝገብ እያረምኩ ነው፤ አንድ ዓመት ይቻላል።

እናትሽን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ነርስነት ክቡር ሙያ ነው፤ ለሚወደው። አንቺ ሆስፒታል መግባት አልወድም ብለሻል። ሳይወዱ ነርስ መሆን የሚጎዳው አንቺን ብቻ አይደለም፤ አልጋው ላይ የተኛውንም ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍያ ደግሞ ቁጥር ነው። ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው? ስንት ዓመት ቀርቷል? አንቺ ብቻ ነሽ የምትከፍዪው ወይስ ወንድምሽም ያዋጣል? ምክር ለመስጠት አንደኛ የሆነ ወንድም ግማሹን ይክፈል። ለእማማ ደውዪና «ለአንድ ዓመት በየወሩ የምልከው ይህን ያህል ነው» ብለሽ ቁርጡን ንገሪያት። ታዝን ይሆናል። ግን ቁርጥ ያለ ትንሽ ገንዘብ ከማይታወቅ ብዙ ገንዘብ ይሻላታል፤ እሷም ታቅድበታለች።

ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ስትደውዪ መጀመሪያ ስለ ክፍያው አትጠይቂ። «የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ማየት እችላለሁ ወይስ መዝገቡን ብቻ ነው የምትሰጡኝ?» በይ። ኦኩዙኬውን ሳታዪ ሳቺኮን ከዩኪኮ መለየት አትችዪም። «መዝገቡን ብቻ» ካሉሽ፣ የተጠራጠርሽበትን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አስመጥተሽ የምታዪበት ሰዓት በውሉ ውስጥ ይጻፍልሽ።