መስኮቱን ራሱ ይዘጋዋል

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

አምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ትዕግስቴ ሲያልቅ ጻፍኩ። ነገሩ ስለ ጎረቤቴ ነው።

የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ከግንፍሌ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ። በእኔና በጎረቤቴ መሃል ያለው ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ እሳቸው ሲያስሉ እኔ ቤት ይሰማል፣ እኔ ስናገርም እንደዛው። ስማቸውን ልተወውና እትዬ ልበላቸው። ወደ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ክፉ ሰው ናቸው አልልም፣ ስወልድ ገንፎውን ያገነፉልኝም እሳቸው ናቸው። ግን በሰው ጉዳይ መግባት ይወዳሉ፣ በተለይ በእኔ።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሲመጣም ሁለት ሌሊት አድሮ ይሄዳል። ልጁን የማሳድገው እኔ ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። እኔ ስታዲየም አካባቢ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ ቤት ስደርስ መሽቷል። የቤት ሥራው አልተሠራም። እርሳሱ ጠፍቷል። ዩኒፎርሙ ጭቃ በጭቃ ነው። ስጠይቀው ደግሞ ይዋሻል። እንግዲህ እቀጣዋለሁ። የማይቀጣ እናት ማን ነው? መጽሐፉስ በትር አይደል የሚለው?

ታዲያ ገና ድምፄ ከፍ ሲል እትዬ በሩ ላይ ናቸው። አንዴ ጨው አለሽ ወይ፣ አንዴ ድመቴን አላየሽም ወይ፣ አንዴ ምንም ሳይሉ ዝም ብለው ገብተው «በቃሽ ልጄ» ይሉኛል፣ ያውም እሱ ፊት። ከዚያ ይዘውት ሄደው ዳቦ ያበሉታል። እና የኔ ቅጣት ምን ዋጋ ኖረው? ቡና ላይ ያወሩታል፣ ጽዋ ላይ ያወሩታል። በቀደም የዕድር ብር ልከፍል ሄጄ አንዷ ሴትዮ «ልጅሽ ደህና ነው?» ብላ አየት ስታደርገኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሚያናድደኝ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው አራት ልጅ ያሳደጉት በአለንጋ ነው። ትልቋ ልጃቸው ናት እየሳቀች የነገረችኝ። ዛሬ እኔ ላይ ሲሆን የሕፃናት ጠበቃ ሆነው ቁጭ።

ጠቡ የጀመረው አምና ነው። ልጁ ከቦርሳዬ ሃምሳ ብር ወስዶ አልወሰድኩም ብሎ ድርቅ አለ። በርበሬ አጠንኩት። እኔም በልጅነቴ ታጥኛለሁ፣ አልሞትኩም። ጭሱ በጣሪያው በኩል አልፎ እሳቸውን አስነጠሳቸው መሰለኝ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይናቸው ከኔ ቤት አልተነሳም።

ልጁ በተፈጥሮው ጨዋ ነው፣ አይወራበትም። አሁንማ ድምፄ ከፍ ካለ እኔ ሳልነግረው ራሱ ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋዋል። እትዬ ግን ተዘግቶም ይሰማሉ። ባለፈው ሳምንት «ከእንግዲህ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምሄደው» አሉኝ። የባለቤቴ ወንድም ሕግ ተምሯል፣ ደውዬ ነገርኩት። «አይዞሽ፣ ወላጅ ልጁን ቢቀጣ ሕጉ ይፈቅዳል» ብሎኛል።

ሌላ ሰፈር ቤት ልፈልግ ወይስ ሽማግሌ ልላክባቸው? ባለቤቴ ናቂያቸው ይላል፣ እሱ መች ይሰማቸዋል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ከጻፍኩ አይቀር። ያን ዕለት በቻርጀር ገመድ ስመታው መቼ እንዳቆምኩ ትዝ አይለኝም። ማቆም ፈልጌ እጄ እምቢ ያለኝ መሰለኝ። ድካም ነው አይደል? ለማንኛውም እትዬን ምን ብዬ ከቤቴ ጉዳይ ላስወጣቸው፣ ይምከሩኝ።

የተማረረች እናት፣ ከአራት ኪሎ

*

እህቴ፣

እትዬ ትንሽ ይቆዩ፣ እመለስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ስለ መስኮቱ እናውራ።

ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ድምፅሽ ሲጨምር ሊመታ መሆኑን ያውቃል። መሮጥ ይችላል፣ መጮህ ይችላል፣ አጠገቡ እትዬ አሉለት። እሱ ግን ተነስቶ መስኮት ይዘጋል፣ አንቺ ሰው ፊት እንዳታፍሪ። ይህንን ከጨዋነቱ ቆጥረሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ ግን ከዚያ መስመር ማለፍ አቃተኝ። ደብዳቤሽን መልሼ ሳነብም እዛው ጋ ነው የቆምኩት። ዱላውን የሚቀበለውም፣ ዱላውን ከሰው የሚደብቀውም እሱ ሆኗል።

አሁን የምልሽ ያስፈራል፣ ቢያስፈራሽም ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነሽ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማን ጋ እንደሚቆም፣ ማን ጠርቶ እንደሚያስገባው ሁሉንም አታውቂም። ሕፃናትን የሚደፍሩ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ልጁ የሚያውቃቸው፣ ቤተሰብ የሚያምናቸው ናቸው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ። የሚሠሩበት መሣሪያ ምስጢር ነው። «ለማንም እንዳትናገር፣ ብትናገር እናትህ ትገርፍሃለች።» ያልለመደ ልጅ ይሄን ሲሰማ ግራ ገብቶት ማታ ለእናቱ ሊያወራ ይችላል። ያንቺ ልጅ ግን ትልቅ ሰው ሰውነቱን ሲያሳምመው ዘግቶ ዝም እንደሚባል ቤቱ ተምሮ ጨርሷል። ማስፈራሪያውም ለእሱ እውነት ነው፣ ትገርፊዋለሻ። ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አይደብቀኝም ልትይኝ ነው። እርሳስ መጥፋቱን የሚደብቅሽ ልጅ?

ስለ ውሸቱም አልገረመኝም። ካሸር ነሽ። ማታ ሂሳብ ስትዘጊ ብር ቢጎድልና አለቃሽ ገመድ ይዞ በር ላይ ቢቆም፣ ሮጠሽ ሄደሽ ጎደለ ትይዋለሽ? እውነት የተናገረም የሚገረፍ ከሆነ ውሸት ቢያንስ የማምለጥ ዕድል አላት። ልጅሽ ሞኝ አይደለም።

በርበሬውን በተመለከተ አልለሳለስም። ሁለተኛ እንዳታስቢው። የበርበሬ ጭስ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ ያጠብባል፤ አስም ያለበት ልጅ፣ አስም እንዳለበት ገና ያልታወቀ ልጅ ጭምር፣ እዛው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። አንቺ «አልሞትኩም» አልሽኝ። ያልሞትሽበት ነገር ሁሉ ለልጅሽ ይሰጠዋል ወይ? ጥፊም እንደዛው ነው፣ ጆሮ ላይ ካረፈ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል። እኛ አገር ቁንጥጫው፣ ኩርኩሙ፣ ማንበርከኩ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ስለሚወራ ተራ ነገር መስሎናል። የእትዬ ልጅ እየሳቀች ነው የነገረችሽ። ሳቋን እኔ አላመንኩትም።

መጽሐፉ በትር ይላል ላልሽው፣ አዎ ይላል። ያው መጽሐፍ ኤፌሶን 6፥4 ላይ አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል። ይህቺኛዋ ጽዋ ላይ ስትነሳ ግን ብዙም ሰምቼ አላውቅም።

የባልሽ ወንድም ሕግ መማሩ ጥሩ ነው፣ የነገረሽ ግን ግማሹን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ሕፃን በኃላፊነት ይዞ የሚያንገላታን፣ የሚደበድብን ሰው እስከ 3 ወር በቀላል እስራት ይቀጣል። ልጁ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ እስራት ይሆናል፣ የወላጅነት መብትን ማጣትም አለበት። እሱ የጠቀሰልሽ ሦስተኛውን ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ለመልካም አስተዳደግ ተብሎ የሚደረግ፣ ሕግን የማይቃረን ቅጣት አያስጠይቅም የሚለውን። የቻርጀር ገመድ እዚያ ውስጥ ይገባል ብሎ ዳኛ ፊት የሚከራከር ከሆነ እሱ ይሞክረው። እውነቱን ለመናገር እኔ ያ ንዑስ አንቀጽ ራሱ አይዋጥልኝም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። ስለዚህ አስተማሪው፣ ክፍል ሙሉ ልጅ የሚረብሸው ሰውዬ፣ አይመታም፤ ቤት ሲመጣ ግን አንድ ልጅ ያላት እናት መታ ታሳድግ ተብሎ በሩ ገርበብ ይደረጋል። ጎረቤታችን ኬንያ በፈረንጆች 2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ቤትም ትምህርት ቤትም ሳትል ለሁሉም ሰው ከልክላለች። ስዊድን ከ1979 ጀምሮ ወላጅን ጭምር ከልክላ ትኖራለች። እኛም አንድ ቀን እንደርሳለን፣ ያንቺ ልጅ ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

እጄ እምቢ አለኝ ያልሽው ጋ ስደርስ መቆጣቴ በረደ። ደብዳቤውን የጻፍሽው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፣ እትዬ ምክንያት ናቸው። ድካም ነው አይደል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ድካም አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ትውያለሽ፣ ባልሽ መንገድ ላይ ነው፣ ቤቱ ባንቺ ትከሻ ላይ ነው። ማቆም ፈልገሽ አለማቆምሽ ግን ተኝቶ በመነሳት የሚያልፍ ነገር አይደለም፣ እውነቱን ልንገርሽ። አቅራቢያሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ለባለሙያ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። አማኑኤል ይልኩኛል ብለሽ አትፍሪ፣ ቢልኩሽም ሐኪም ቤት ነው፣ ሰው ታክሞበት ይወጣል። ይህንን የምልሽ ክፉ እናት ነሽ ብዬ አይደለም። ክፉ ብትሆኚ ያቺን አረፍተ ነገር አትጽፊያትም ነበር።

እስከዚያው ዛሬ ማታ። ገመዱን ለስልክሽ ብቻ አድርጊው። ስትደርሺ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ፣ ደብተር አትጠይቂ። ደምሽ ሲፈላ ከተሰማሽ ውጪ፣ ቧንቧው ጋ ሂጂ፣ ጎረቤት ምን ይላል አትበይ። አንቺ ውጪ ሳለሽ ያልተሠራው የቤት ሥራ የትም አይሄድም። እርሳስ ካጠፋ ነገ በአጭሯ እርሳስ ይጽፋል። ዩኒፎርም ካቆሸሸ ቅዳሜ አብሮሽ ያጥባል፣ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማጠብ ይችላል። ብር ከወሰደ ብሩ እስኪመለስ ሱቅ እየተላከ ይሥራበት። ይሄም ቅጣት ነው፣ ግን የሚፈራው ነገር ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንዱ ቀን አይሠራም፣ ይዋሻል፣ ትናደጃለሽ። ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚከብድሽ ግን ይሄ ነው፣ አገራችን ላይ ትልቅ ሰው ለልጅ ሲያደርገው አይታይም። አጠገብሽ አስቀምጪውና «በገመድ መምታቴ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ» በይው። ቀጥለሽ «ማንም ሰው ቢያሳምምህ፣ እኔም ብሆን፣ ዝም አትበል፣ ሄደህ ለእትዬ ንገር፣ አልቆጣህም» በይው። መጀመሪያ አያምንሽም። ደጋግመሽ በይው። ብር ሲጠፋ ወይም ብርጭቆ ሲሰበር መጥቶ ራሱ የነገረሽ ቀን ደግሞ እጅሽን ሰብስበሽ አመስግኚው፤ በደንብ የሚፈትንሽ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ እትዬ። ቤት ልቀይር ብለሽ ነበር፤ በዚህ ዘመን አራት ኪሎ ላይ ቀበሌ ቤት የሚለቅ ሰው ካየሽ አሳዪኝ። ሽማግሌ ካስፈለገሽ አስታርቁን ብለሽ ላኪ። አራት ልጅ በአለንጋ አሳድገው ዛሬ ያንቺን ደጃፍ ማንኳኳታቸውን አስመሳይነት አድርገሽ ቆጠርሽው። እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው፤ ያንን ድምፅ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ከራሳቸው ቤት። ጨውና ድመት ምክንያት እያደረጉ የሚመጡት እንዳያሳፍሩሽ ነው። ቡና ላይ ማውራታቸው ልክ አይደለም፣ ይሄን ንገሪያቸው፣ ግቢ ላይ ሳይሆን ቤት ጠርተሽ። ፖሊስ ያሉትን ግን አትቀየሚያቸው። ሌላውም አንባቢ ልጅ ሲደበደብ ከሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ አይበል፣ 991 ደውሎ ለፖሊስ ይናገር፣ ወይም ጣቢያ ሄዶ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቅ።

ባልሽ ሲመጣ በስልክ ያልነገርሽውን ሁሉ ንገሪው፣ ስለ እጅሽም ጭምር። «ናቂያቸው» ብሎ መውጣት ለእሱ ቀላል ነው፣ ጅቡቲ ድረስ አይሰማም።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር ደግሞ አለ። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አንቺ እስክትደርሺ ያለውን ሰዓት የሚቆየው የት ነው? እትዬ ጋ ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ።