ጀጎል ሆና ለጠየቀችን ጊታሪስት፦ አምፕ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትኖሪው ጀጎል ውስጥ፣ የጋራ ግቢ ነው። አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ከፍተሽ መለማመድ አትችይም። ጊታሩን በትንሽ አዳፕተር ላፕቶፕሽ ላይ ሰክተሽ ነጻ የአምፕ ሶፍትዌር ሞክረሻል። ድምፁ ይዘገያል፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሻካራ የሚያደርገው የሮክ ዓይነት ውጤት) ሲጨመርበት ደግሞ ይነዝራል። አሁን አምፕ ልግዛ ወይስ ሌላ ሶፍትዌር ልፈልግ ነው ያልሽው።

አብሽሪ። ሁለቱም አያስፈልጉሽም። ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ኢንተርፌስ፣ ማለት ጊታሩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን፣ ግዢበት። እኔ ድሬ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። እቤት የምቀዳው ጊታር በሙሉ ያለ አምፕ ነው። ካየሁት ተነስቼ ልንገርሽ፦ ሰው ሶፍትዌር በሶፍትዌር ላይ እየጫነ የሚደክመው ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ነው። ወደ ሶፍትዌሩ የሚገባው ሲግናል ካልተስተካከለ የትኛውም ፕሮግራም አያድነውም።

የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ለጊታር አልተሠራም። የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) 1 ሜጋኦም፣ ማለት አንድ ሚሊዮን ኦም፣ አካባቢ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። የማይክ መግቢያ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ነው። እዚያ ላይ ስትሰኪው የድምፁ ጥራትና ብርሃን ይሞታል፣ ሽሽሽ የሚል ነገርም ይጨመርበታል። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ያሉ ትንንሽ ኢንተርፌሶች ለጊታር የተለየ መግቢያ አላቸው። ማብሪያውን ወደ «ኢንስት» (ለመሣሪያ የሚሆነው) ማድረግ እንዳትረሺ። ያገለገለ ብትገዢም ችግር የለውም። ግን ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂና እዚያው ሰክተሽ ሞክሪ፣ የፋብሪካው ድራይቨር ለአንቺ ዊንዶውስ መኖሩንም ቀድመሽ እዪ።

መዘግየቱ የሚስተካከለውም እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ከኢንተርፌሱ ጋር የሚመጣውን የኤሲዮ (ASIO) ድራይቨር ተጠቀሚ፣ መዘግየትን የሚቀንሰው እሱ ነው። ከዚያ በፈር የሚባለውን፣ ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ አጠራቅሞ የሚያስተናግደውን የድምፅ መጠን፣ በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) 128 ላይ አድርጊው። 128 ሳምፕል (ናሙና) ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። መግቢያና መውጫው ሲደመር ከዚያ ይበልጣል፣ ግን አትደንግጪ። ከአምፕ 3 ሜትር ርቀሽ ብትቆሚ ድምፁ አየር ላይ ተጉዞ ጆሮሽ የሚደርሰው ከ9 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። መድረክ ላይ ማንም በዚህ አማርሮ አያውቅም። የብሉቱዝ ኢርፎን ግን በፍጹም አትጠቀሚ! ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። ባለገመድ ሄድፎን ይሁን።

አሁን ወደ ንዝሩ። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ወይም 6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ዲስቶርሽን የሚፈጥረውን ሻካራ ድምፅ የሚያጣራው እሱ ነው። ሶፍትዌርሽ ላይ ካቢኔቱ (የስፒከሩ ሳጥን) ጠፍቶ ከሆነ፣ ወይም የአምፑን ጭንቅላት ብቻ፣ ያለ ስፒከር፣ ከፍተሽ ከሆነ፣ የሰማሽው ያንን ሻካራ ነው። ካቢኔት አብሪ፣ ወይም አይአር የሚባለውን ትንሽ የዌቭ ፋይል አስገቢበት። አይአር የእውነተኛ ስፒከርና ማይክ አሻራ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ አይአር መቀየር አምፕ ከመቀየር የበለጠ ድምፁን ይለውጠዋል። ጊዜሽን እዚያ ላይ አጥፊ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ በነጻ ጀምሪ። ኒውራል አምፕ ሞደለር፣ ባጭሩ ናም፣ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሰዎች የራሳቸውን አምፕ ቀድተው ያጋሯቸው ብዙ ሞዴሎች አሉት። አንዴ ካወረድሻቸው በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ለመቅጃ ሪፐር የሚባለው ፕሮግራም ይበቃሻል። 60 ቀን በሙሉ አቅሙ ትሞክሪዋለሽ፣ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ክራክ የተደረገ፣ ማለት ፈቃዱ የተሰበረ፣ ፕሮግራም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር አያለሁ። ነጻው እንዲህ ጥሩ ሆኖ ሳለ ላፕቶፕሽን ለቫይረስ አትስጪው።

ልምምድ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሶፍትዌሩ ትልቁ ጥቅም ለእኔ እሱ ነው። መጀመሪያ ዲስቶርሽኑን አጥፊው። የፌንደር ትዊን ዓይነት ንጹሕ አምፕ ምረጪ፣ ትንሽ ስፕሪንግ ሪቨርብ (የማስተጋባት ውጤት) ጨምሪበት። ትዝታንና ባቲን በዚህ ድምፅ ተለማመጂ። አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝት መደበቂያ የለውም። ጣትሽ የት እንደሳተ፣ ክሩን ስትስቢ ድምፁ የት ላይ እንደቀረ ወዲያው ይሰማሻል። ሪፐር ላይ በስድስት ስምንተኛ የችክችካ ምት ሠርተሽ እያዞርሽ ተጫወቺበት። የምትወጂውን ዘፈንም አስገቢና ቃናው ሳይወርድ ፍጥነቱን ብቻ ቀንሺው። አሊ ቢራን የመሰለ ሰው ያፈራ አካባቢ ልጆች ነን፤ ጊታርም ኡድም ይጫወት ነበር። የእሱን ዘፈኖች እያዘገየሽ መሪውን ዜማ በጊታር ብትለቅሚ የትኛውም የኢንተርኔት ኮርስ የማይሰጥሽን ታገኛለሽ።

ስትቀጂ ደግሞ ደረቁን ሲግናል፣ አምፕ ያልተጨመረበትን የጊታር ድምፅ፣ ቅጂ። አምፑ ትራኩ ላይ እንደ ፕለጊን (መቅጃው ውስጥ እንደሚጨመር ፕሮግራም) ይቀመጥ፣ ፋይሉ ላይ አይታተም። አጨዋወትሽ ካማረ ድምፁን ከወር በኋላም መቀየር ትችያለሽ። የኢንተርፌሱን ጌይን (የመግቢያውን ድምፅ መጠን) ስታስተካክዪ በኃይል ስትመቺ ከፍተኛው ነጋቲቭ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ቀይ መብራት አያብራ። ማይክ ስለሌለ የግቢው ልጆች ቢጮሁ፣ ባጃጅ ቢያልፍ፣ ቬንትሌተር ቢዞር ቀረጻሽ ውስጥ አይገባም። አቦ፣ ድሬ ላይ ቬንትሌተር አጥፍቶ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ!

እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ ግን የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪና በባትሪ ሞክሪ። ከጠፋ ችግሩ ከመብራቱ መስመር ነው፣ ኧርዝ ያለው ሶኬት ፈልጊ። ካልጠፋ ቁጭ ባልሽበት ዞር ዞር በዪ። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ የሚይዘው እምምታ በአቅጣጫው ይለያያል።

ሙቀት ለአንቺ ብዙም አያሰጋሽም፣ ሐረር ቀዝቀዝ ይላል። ወደ ድሬ ወርደሽ በግንቦት ብትቀጂ ግን ላፕቶፑ ሲግል ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ያኔ በፈሩን 256 አድርጊው፣ ወይም ቀለል ያሉትን የናም ሞዴሎች ተጠቀሚ። ላይት፣ ፌዘር፣ ናኖ የሚሏቸው አሉ።

አምፕ የሚያስፈልግሽ ከባንድ ጋር፣ ከከበሮ ጎን መጫወት ስትጀምሪ ነው። የላፕቶፕሽን ሞዴል፣ ራሙንና የዊንዶውሱን ዓይነት እዚሁ ጻፊልኝ። የትኛው ኢንተርፌስ እንደሚሆንሽ አይቼ እነግርሻለሁ።