ልጅዎ ናት ትክክል፤ እንሽላሊት አይደለም

ስለ እንቁራሪት የጻፍኩት ከወጣ ወዲህ የመልእክት ሳጥኔ ሳላማንደር ስለሚባለው እንስሳ በሚጠይቁ መልእክቶች ተጥለቅልቋል። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር ልንጣላ ምንም አልቀረንም። ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት እንስሳ ስልኳ ላይ አሳየችኝና «ሳላማንደር ነው» አለች። እኔ ጅራቱንና አራት እግሩን አይቼ እንሽላሊት ነው አልኳት። ማናችን ነን ትክክል? ኒውት የሚባለውስ ምንድን ነው? (ግራ የገባኝ አባት)

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅዎ አሸንፋለች። መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ዝምድናቸው ሩቅ ነው። እንሽላሊት የእባብ ወገን ነው፤ ቆዳው ደረቅና ባለቅርፊት ነው፤ ፀሐይ መሞቅ ይወዳል። ሳላማንደር ግን የእንቁራሪት ዘመድ ነው። ቆዳው ለስላሳና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ደርቆ ይሞታል። በሚቀጥለው ጊዜ የፊት እግሩን ጣቶች ይቁጠሩ። ሳላማንደር አብዛኛውን ጊዜ 4 አለው፣ እንሽላሊት 5። ልጅዎ ያሳየችዎት በመካከለኛውና በደቡብ አውሮፓ ጫካዎች የሚገኘው የእሳት ሳላማንደር ሳይሆን አይቀርም።

ኒውት ደግሞ ራሱ ሳላማንደር ነው። እስካሁን ከሚታወቁት 800 ገደማ የሳላማንደር ዝርያዎች ውስጥ አንዱ ቡድን በዚህ ስም ይጠራል። አብዛኞቹ የየብስና የውሃ ኑሮን እያፈራረቁ ይኖራሉ፣ ለመራባት ወደ ኩሬ ይመለሳሉ። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያለው አንዱ ኒውትማ ሦስት ሕይወት ያለው ነው የሚመስለው፦ እጭ ሆኖ ውሃ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ጫካ ይገባና ጥቂት ዓመታት እዚያው ይዞራል፣ በመጨረሻ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ወደ ኩሬው ይመለሳል። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታዩ አንድ እንስሳ ነው ብላችሁ አታምኑም።

ጥያቄ፦ የት የት ነው የሚኖሩት? እኔ በሕይወቴ አንድም አይቼ አላውቅም።

መልስ፦ ብዙ ሰው አላየም። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሉም፣ በአውስትራሊያም የሉም። በአፍሪካ ያሉት በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። የቀሩት ከሞላ ጎደል የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነዋሪዎች ናቸው፤ አንድ ቡድን ብቻ በመካከለኛው አሜሪካ አድርጎ ደቡብ አሜሪካ ገብቷል። ቦታውን የሚመርጥላቸው ቆዳቸው ነው። በቆዳቸው ስለሚተነፍሱ እርጥበትና ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። እንዲያውም ከሁሉም ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳንባ የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም!

እነዚህ ሳንባ የለሾች በብዛት ያሉት በአሜሪካ የአፓላችያ ተራሮችና በሜክሲኮ ነው። በኒው ሃምፕሸር ሃባርድ ብሩክ በሚባል ጫካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ሲመዝኑ የሳላማንደሮቹ ጠቅላላ ክብደት ከወፎቹ ክብደት በልጦ ተገኝቷል። ወፎቹን ሁሉም ያያል፣ ይሰማል፤ እነዚያ ግን ቅጠል ሥር ተኝተው ማንም አያውቃቸውም።

ትልልቆቹ እስያ ናቸው። የጃፓኑ 1.5 ሜትር፣ የቻይናው እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል። የሚኖሩት በቀዝቃዛ የተራራ ወንዝ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ስለሚይዝ በጎናቸው ባለው የተሸበሸበ ቆዳ ይስቡታል። የቻይናው ለምግብ እየታደነ ዱር ውስጥ ሊጠፋ ደርሷል። በሳይቤሪያ ደግሞ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ቅዝቃዜ ችሎ፣ በረዶ ሆኖ ከርሞ፣ ሲሞቅ ተነስቶ የሚሄድ አለ። ጉበቱ ሰውነቱን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ግሊሰሮል የሚባል ነገር እያመረተ ነው የሚያድነው።

የእኔ ተወዳጅ ግን ኦልም የሚባለው ሳላማንደር ነው። በስሎቬኒያ፣ በክሮኤሺያና በቦስኒያ ዋሻዎች ውስጥ፣ ጨለማ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ነጣ ያለ ነው፣ ዓይኑ በቆዳ ተሸፍኗል፣ ዓመታት ሳይበላ መቆየት ይችላል። በቦስኒያ ተመራማሪዎች ሲከታተሉት የነበረ አንዱ ለ2,569 ቀናት፣ ማለትም ከ7 ዓመት በላይ፣ ከነበረበት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ምግብ በሌለበት ቦታ መንቀሳቀስ ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ ሳላማንደር እሳት አያቃጥለውም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ወሬው የመጣው የበሰበሰ ግንድ ውስጥ ስለሚተኛ ሳይሆን አይቀርም። ግንዱ እሳት ውስጥ ሲገባ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይወጣል፣ ያየው ሰው ደግሞ ከእሳት ተወለደ ይላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጌም ላይ አይቶት አክሶሎትል አክሶሎትል እያለ አስቸገረኝ። እውነተኛ እንስሳ ነው? የት ይገኛል?

መልስ፦ እውነተኛ ነው፣ ሳላማንደርም ነው። በዱር የቀረለት ቦታ በሜክሲኮ ሲቲ ያለው የሶቺሚልኮ ቦይ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ ከሚያድጉት ሌሎች ሳላማንደሮች ብዙዎቹ ሲያድጉ ስንጥባቸውን ጥለው ወደ የብስ ይወጣሉ፤ እሱ ግን ላባ የመሰለ ስንጥቡን እንደያዘ፣ እጭ እንደመሰለ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ይራባል። ወንድምሽ የሚያውቀው ሮዝ ቀለም ያለው ሰው ያረባው ነው፤ የዱሩ ጠቆር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ስኩዌር ኪሎሜትር 6,000 ገደማ ነበሩ፣ በ2014 ግን 36 ብቻ ተቆጠሩ። የውሃው መበከልና ከውጭ መጥተው የተለቀቁት እነ ካርፕና ቲላፒያ ናቸው የጎዱት። በየላቦራቶሪውና በየቤቱ ግን ሞልቷል።

ጥያቄ፦ መርዛም ናቸው? ብነካቸውስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ቆዳቸው ላይ መርዝ አላቸው። ከአላስካ እስከ ካሊፎርኒያ ባለው የባሕር ዳርቻ የሚገኘው ሻካራ ቆዳ ኒውት ለምሳሌ ቴትሮዶቶክሲን ይይዛል፤ ፓፈርፊሽ በሚባለው ዓሣ ውስጥ የሚገኘው ያው ገዳይ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በኦሪገን አንድ ሰው ሰክሮ ጓደኞቹ ሲገፋፉት ውጦት ሞቷል። አንድ የእባብ ዓይነት ግን ለመርዙ ስለተላመደ ይበላዋል። ነክተህ እጅህን ከታጠብክ ምንም አትሆንም፤ ሳትታጠብ ዓይንህን ወይም አፍህን እንዳትነካ። ለእነሱ የሚያሰጋው ደግሞ የእኛ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔዘርላንድስ ውስጥ የእሳት ሳላማንደሮችን ሲጨርስ የተደረሰበት የቆዳ ፈንገስ ከእስያ በእንስሳት ንግድ የገባ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የገዛኸውን ሳላማንደር ኩሬ ውስጥ አትልቀቅ።

ጫካ ሄደህ ልታያቸው ከፈለግክ ዝናብ በዘነበበት ሌሊት ባትሪ ይዘህ ውጣ። ቀን ከሆነ ግንድ ገልብጠህ እይ፣ ግን ግንዱን እንደነበረ አድርገህ ቀስ ብለህ መልሰው፤ ሥሩ ያለው እርጥበት ነው ቤቱ።