ስሪዲ ታፔላና ቅርጻ ቅርጽ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴና ከኮምቦልቻ ባለሙያዎች ጋር

ደሴ ላይ በመጀመሪያ በብሩሽ፣ ኋላም በላሜራና በአክሪሊክ (ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ) ታፔላ ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስሪዲ የምንለው ፊደሉ ከግድግዳው ጎልቶ የሚወጣውን ነው። የቡድናችን አባላት ያነሷቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ፎሬክስ የምንለው የታፔላ ፕላስቲክ ሰሌዳ በሌዘር አይቆረጥም። ፎሬክስ ፒቪሲ ስለሆነ በሌዘር ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ ማሽኑንም ያዝገዋል። በራውተር (በሚሽከረከር ስለት በሚቆርጥ ማሽን) ወይም በመጋዝ ቁረጡት።

ጥያቄ (ከሸዋ በር)፦ ጋሼ፣ ለአንድ ካፌ ውስጡ መብራት ያለበት ፊደል ልሠራ ነው። ቁመቱን ስንት ላድርገው?

ብዙዎቻችን ግድግዳውን ለክተን ፊደሉን በግድግዳው ልክ እናደርጋለን። እኔ የምጀምረው ከቀለበቷ ነው። ቀለበት የምላት የኃምስ ምልክት የሆነችውን ነው፤ ካፌ፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ደሴ እያልን ስንቆጥር ያለ ኃምስ የሚጻፍ ታፔላ ጥቂት ሆኖ እናገኘዋለን። የእኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ረድፍ፣ በድምሩ 231 ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሳልስን ከኃምስ የምትለየው ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት።

ከዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ ለአንድ ሆቴል ጎኑ ላሜራ፣ ፊቱ ነጭ አክሪሊክ የሆነ የ30 ሴንቲ ሜትር ፊደል ሠርቼ ሰቀልሁ። ቀን ሲታይ እንከን አልነበረውም። ማታ መብራቱ ሲበራ ግን የ«ቴ» ቀለበት በብርሃን ተሞልታ ጠፋች፤ ባለቤቱም ከመንገዱ ማዶ ቆሞ «ሆቲል» ብሎ አነበበልኝ። አውርጄ በራሴ ኪሳራ ደግሜ ሠራሁት።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ስሌት ይህ ነው። የቀለበቷ ቀዳዳ ከፊደሉ ክንድ (ፊደሉ ከተሠራበት መስመር) ውፍረት ማነስ የለበትም፤ ስለዚህ ቀለበቷ ከዳር እስከ ዳር የክንዱን ሦስት እጥፍ ትይዛለች። የኤልኢዲ ሞጁል (ትንንሽ መብራት ያለበት ቁራጭ) በምቾት እንዲገባ ክንዱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል ብንል፣ ቀለበቷ 9 ትሆናለች። ቀለበቷ የፊደሉን ቁመት አንድ አምስተኛ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ 45 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ግድግዳው ይህን ካልቻለ ብርሃኑን ከፊት ወደ ኋላ አዙሩት፤ ፊቱ ድፍን ላሜራ ሆኖ ብርሃኑ ከኋላው ግድግዳ ላይ ሲፈስ ቀለበቷ ጠቁራ ስለምትታይ በጠባቡም ትነበባለች።

ርቀትን በተመለከተ፣ ለላቲን ፊደል የተለመደው መነሻ በየ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው። ለእኛ ፊደል እኔ ግማሽ እጨምርበታለሁ፤ ከ30 ሜትር ለሚያነብ ሰው ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሮቢት)፦ ስለዚህ ቁመቱ ስንት ይሁን?

ከላይ ጽፌዋለሁ። እባክዎ ያንብቡት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የላይት ቦክሱ (ውስጡ የሚበራው ሣጥን ታፔላ) አክሪሊክ ከሰዓት በኋላ ሆዱ ይነፋል፣ ጠዋት ይመለሳል። ዕቃው የተበላሸ ነው?

ዕቃው ደኅና ነው፤ የተበላሸው የብሎኑ አጠባበቅ ነው። አክሪሊክ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ በሜትር 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። የ2.44 ሜትር ሉህ በሌሊትና በቀትር መካከል 30 ዲግሪ ቢለዋወጥ 5 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ጥቁር ወይም ቀይ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ራሱን ሉሁን ከአየሩ በላይ ታግለዋለች። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍታችሁ ብሱ፣ ብሎኑን አታንቁት፣ ዳርና ዳሩም ላይ ክፍተት ተዉ። ይህ የቆላው ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ደሴም ሌሊቱ ብርድ፣ ቀትሩ የሚያቃጥል ነው።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

የምኑ ዋጋ? ስፋቱ፣ ዕቃው፣ የሚሰቀልበት ከፍታ ሳይነገር ዋጋ አይጠየቅም።

ጥያቄ (የቡና ቤት ባለቤት፣ ደሴ)፦ በር ላይ የሚቆም የ2 ሜትር ጀበና በጀሶ ቢሠራልኝ ክረምቱን ይችላል?

አይችልም፣ እህቴ። ጀሶ ውኃ ይጠጣል፤ የሐምሌ ዝናብ ካገኘው ይላላል፣ በረዶ ካገኘው ይፈነካከታል። ጀሶ ለውስጥ ሥራና ለቅርጽ ማውጫ ይሁን። ለውጭ የሚሆነው ከፎም ተቀርጾ ፋይበርግላስ የሚለብሰው ነው። በመካከሉ ከመሠረቱ ጋር የታሰረ ብረት ይቁም፤ ጆሮውና መቅጃው ውስጥም ለብቻቸው የተጠማዘዘ ብረት ይግባ፤ ልጆች የሚንጠለጠሉት እዚያ ላይ ነውና።

ለሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ይህን እላለሁ። ፖሊስተር ሬዚን (ፋይበርግላሱ የሚነከርበት የሚጠነክር ፈሳሽ) በቀጥታ ፎም ላይ አይቀባም፤ ውስጡ ያለው ስታይሪን ፎሙን ይበላዋል፣ የጀበናውም አንገት ዓይናችሁ እያየ ይሰምጣል። መጀመሪያ በውኃ በሚበጠበጥ ቀለም ደጋግማችሁ ቀብታችሁ አድርቁት። ሃርደነሩ (ማጠንከሪያው) ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ በሚዛን ይመዘን እንጂ በቆርኪ አይለካ። የደሴ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ሬዚኑ አልጠነክር ሲል ሃርደነር የሚደርቡ አሉ፤ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ እንጂ አትደርቡ። ኮባልት (መጠንከሩን የሚያፋጥነው) እና ሃርደነር በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ፤ ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይቀላቀል፣ ሃርደነሩ ከዚያ በኋላ ይግባ።

ጥያቄ (ከሐይቅ መንገድ)፦ ለዓሣ ቤት «ሐይቅ» የሚል ስሪዲ ታዝዣለሁ። ምን ላሜራ ይሻላል?

*አንድ አባል፦* ከላሜራው በፊት ፊደሉን እናስተካክል። በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው?

*ሌላ አባል፦* ድምፁ አንድ ከሆነ በሃሌታው ቢሠራ ምን ይጎዳል? ሐ ሦስት እግር አላት፣ መታጠፊያዋም ይበዛል።

*የመጀመሪያው፦* መታጠፊያ በዛ ተብሎ የከተማ ስም ይለወጣል?

ወንድሞቼ፣ ይህ የላሜራ ጥያቄ ነበር። ባለቤቱ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳስጻፈው ይሠራ። በጽሑፍ አስፈርሙት፤ ከተሰቀለ በኋላ ሌላ ነበር ቢል መረጃ ይኖራችኋል። ለላሜራው ደግሞ እርጥበት ካለ የማይዝግ ወይም አልሙኒየም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ብሎኬት ግድግዳ ላይ 3 ካሬ ሜትር ታፔላ በፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) ይያዛል?

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ የሚነክሰው የለውም። በሰከንድ 30 ሜትር የሚሄድ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 56 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል፤ የእርስዎ ታፔላ ወደ 170 ኪሎ ሊቀበል ነው ማለት ነው። ግድግዳውን አሳልፈው ብሱና በረጅም ብሎን፣ ከኋላ በወፍራም ሳህን እሰሩ፤ ኮለን (ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ) ካገኛችሁ ደግሞ ብረቱን እዚያ ላይ ያዙ።

ጥያቄ፦ ለኤልኢዲው ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ በየወሩ ይቃጠላል።

ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አትጫኑት፤ አየርም ስጡት።

ጥያቄ፦ ፎሬክሱን በሌዘር በቀስታ ብናስኬደውስ?

አይቆረጥም። በቀስታም በፍጥነትም አይቆረጥም፤ መስኮት ተከፍቶም አይቆረጥም።

ጥያቄ (ከሸዋ በር፣ በድጋሚ)፦ ጋሼ፣ የካፌው ግድግዳ ለ45 አይበቃም፣ ደንበኛውም ከፊት እንዲበራ ይፈልጋል። 36 ቢሆን «ፌ» ትነበባለች?

በወረቀት አይታወቅም። ያቺን አንዲት ፊደል ብቻ ከጥቁር ካርቶን በልኳ ቆርጠህ አውጣና ክፍቱን በነጭ ወረቀት ሸፍነው፤ ከኋላ ሁለት ሦስት ሞጁል አብርተህ ከመሸ በኋላ ካፌው በር ላይ ስቀላት። ከዚያ ደንበኛውን ይዘህ መንገዱን ተሻገር፤ ምን እንደሚነበብ አንተ አትንገረው፣ እሱ ያንብብልህ። «ካፊ» ካለ ክንዱን አቅጥነህና ቀለበቷን አስፍተህ ሌላ ካርቶን ቁረጥ።