እርሾ ላይ ልመረቅ ወይስ ቡና ላይ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የእርሾ ኢንዛይሞች የሚቶኮንድሪያን (ሕዋሱ የሚተነፍስበትን ክፍል) ዲኤንኤ ከኦክሲጅን ጉዳት እንዴት እንደሚጠብቁ ለመመረቂያዬ ልሠራ አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ግን «ሥራ አያስገኝም፣ ቡና ላይ ሥሪ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። በኢንዛይም ስም የሚቀጥር የለም። የቢራ፣ የታሸገ ውኃ ወይም የመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ክፍል የሚፈልገው ናሙና ሳይበክል የሚዘራ፣ በትክክል የሚያቀጥንና ኮሎኒ (ከአንድ ሕዋስ የበቀለ ክምር) ቆጥሮ ለቁጥሩ የሚቆም ሰው ነው። ይህን ቡናም ያስተምራል፣ እርሾም ያስተምራል። ርእሱን አትጣዪው፤ አጥብቢው።

አሁን እንዳለ ለአንድ ሴሚስተር ሰፊ ነው። ጥበቃው የአንድ ኢንዛይም ሥራ አይደለም። ኤስኦዲ2 የሚባለው ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድን (ጎጂ የኦክሲጅን ዓይነት) ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጣል፤ ሲሲፒ1 ፐርኦክሳይዱን ያጠፋል፤ ይህን አልፎ ከዲኤንኤ ፊደሎች አንዱ የሆነው ጉዋኒን ከተጎዳ ኦጂጂ1 ነቅሎ ያወጣዋል፣ ኤንቲጂ1 ደግሞ ፒሪሚዲን የሚባሉትን የተጎዱ ፊደሎች ያነሳል። የትኛው ምን ያህል እንደሚሠራ ለመለየት ጂኑ የጠፋበት ዝርያ ያስፈልጋል። ከሱቅ በተገዛ የዳቦ እርሾ ይህን መለየት አይቻልም፤ በፕሮፖዛልሽ ላይ «ኢንዛይሙ ይከላከላል» ብለሽ ከጻፍሽ ፈታኙ እዚያው ይይዝሻል። በዳቦ እርሾ የሚቻለው ጉዳቱን መለካት ነው።

እርሾ ለዚህ የተመረጠው ሚቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ቢያጣም ስኳር እስካገኘ ድረስ ስለሚኖር ነው። መተንፈስ ያቃተው ሕዋስ ትንሽ ኮሎኒ ይሠራል፤ ፔቲት ይባላል። ለምግብ ግሊሰሮል ብቻ ባለበት ፕሌት (የማሳደጊያ ሳህን) ላይ ግን ጭራሽ አያድግም።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ከአንድ ኮሎኒ ተነሺ፤ የሱቁ እሽግ ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ገና እያደገ ያለውን እርሾ ከምግቡ አጥበሽ በንጹሕ ውኃ በትኚው፤ የምግቡ ቅሪት ጉዳት ለማድረስ የምትጨምሪውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበላዋል። የፋርማሲው 3% ፐርኦክሳይድ 0.88 ሞላር ገደማ ነው፤ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ሚሊሞላር ለማግኘት 23 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። ከ30 ደቂቃ በኋላ አቅጥነሽ 2% ግሉኮስ ባለው ፕሌት ዝሪ፣ በ30 ዲግሪ 3 ቀን አቆዪ። ፐርኦክሳይድ ያልነካው የማነጻጸሪያ እርሾ አብሮ ይሂድ። ጠርሙሱ ከተከፈተ የቆየ ከሆነ ጥንካሬው ወርዷልና አዲስ ግዢ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቆጠራው ላይ ነው። ያልተነካው እርሾ ከ100 አንድ ፔቲት ቢኖረው 200 ኮሎኒ ስትቆጥሪ 2 ታገኛለሽ፤ የተነካው 4 ቢያሳይ እጥፍ ሆነ ብለሽ አትደሰቺ፣ ዕጣ ነው። ለእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 1,000፣ ብትችይ 2,000 ቁጠሪ፤ በፕሌት ከ100 እስከ 200 ቢሆን ይመቻል። ሌላው ወጥመድ መብራት ነው። ጅማ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ጤነኛው ኮሎኒም ያንሳል፤ በዓይን ብቻ ከፈረድሽ ሁሉም ፔቲት ይመስላል። ስለዚህ የተጠረጠረውን በጥርስ መፋቂያ አንስተሽ 3% ግሊሰሮል ያለበት ፕሌት ላይ ንኪው። ወይም ቴትራዞሊየም (ሕዋስ ሲተነፍስ የሚቀላ ኬሚካል) የተጨመረበት ቀጭን አጋር (ሲበርድ የሚረጋ ጄል) ደርቢበት፤ የሚተነፍሰው ይቀላል፣ ፔቲቱ ነጭ ይቀራል። አጋሩ ሳይበርድ ከፈሰሰ ግን ሕዋሱ ይሞትና ሁሉም ነጭ ይሆናል።

ኦጂጂ1ን የግድ ካልሽ ጂኑ የጠፋበት ዝርያ በአማካሪሽ በኩል ይጠየቅ። እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ጀርመን ያለው ዩሮስካርፍ የተባለው የእርሾ ዝርያዎች ማከማቻ ይሸጣል፤ የግዢው ሂደት ሴሚስተሩን እንዳይበላው አስቢበት። ያኔም ከፔቲት ይልቅ ግሊሰሮል ላይ ኤሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙ ኮሎኒዎችን ቁጠሪ፤ የኦጂጂ1 እጦት የሚያስከትለው የነጠላ ፊደል ስህተት የሚታየው እዚያ ነው።

ሲቪሽ ላይ «ስለ ሚቶኮንድሪያ ጥናት» ብለሽ አትለፊ። ስንት ፕሌት እንደዘራሽ፣ ስንት ኮሎኒ እንደቆጠርሽ፣ ስንቱ ፕሌት እንደተበከለና ምን እንዳስተካከልሽ ጻፊ። የሆስፒታል ላብራቶሪ ካሰብሽ ማስታወቂያውን በደንብ አንብቢ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የሕክምና ላብራቶሪ ዲግሪ ነው፣ ባዮሎጂ አይተካውም። ማስተርስ ከሆነ ሐሳብሽ ይህ ርእስ ከቡናው ይልቅ ለሞለኪውላር ባዮሎጂ ይቀርባል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ወደ ላብ ቴክኒሻኑ ሂጂ። ፔፕቶን (የእርሾ ምግብ)፣ ግሊሰሮልና ቴትራዞሊየም መኖራቸውን፣ በእንፋሎት ዕቃ የሚያመክነው ኦቶክሌቭም መሥራቱን ጠይቂው። ከጎደለ ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅ እወቂው።