ካምቢዮውን እንጂ ዲፈረንሻሉን አትንካ

አንድ የደብረ ብርሃን አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የአባቴ በፈረንጆች የ1972 ኤምጂቢ፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ አለችኝ፤ ባለ አራት ማርሽ ናት። አዲስ አበባ ስመላለስ በ100 ስነዳት የሞተሩ ዙር በደቂቃ 3,500 ይደርሳል። ጩኸቷ አላስወራ አለን። መካኒክ ጓደኛዬ ዲፈረንሻሉን ቀይረው ይለኛል። ልስማው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አትስጋ፤ ሞተርህ ጤነኛ ነው። ኤምጂቢ አራተኛ ማርሿ አንድ ለአንድ ነው፣ ዲፈረንሻሏ 3.909፤ ማለትም ካርዳኑ 3.909 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው በየሺህ ዙሩ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ስለዚህ 100 ላይ 3,500 አካባቢ መሆኗ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው።

ከዚያ በደንብ ካለፈ ግን ጎማውን እይ። በፊት 165 በ14 ታስሮላት ከነበረና አሁን 175/65 ካሰርክላት፣ ቁመቱ በ6 በመቶ ያህል አንሷል፤ ዙሩም በዚያው ልክ ይጨምራል። ፍሪሲዮኑንም ፈትነው። ዳገት ላይ በአራተኛ ነዳጅ ስትረግጥ ዙሩ ብቻ ከወጣና ፍጥነቱ ካልተከተለ እየተንሸራተተ ነው።

አሁን ወደ ዲፈረንሻሉ። 3.07 ብታስገባ ዙሩ በ100 ወደ 2,700 ይወርዳል፣ እውነት ነው። ችግሩ ግን አራተኛውን ብቻ ሳይሆን አንደኛውንም ሁለተኛውንም አብሮ ማስረዘሙ ነው። አንተ የምትኖረው 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ 1,798 ሲሲው ሞተር ሩብ የሚያህል ጉልበቱን አጥቷል። ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጣ አንደኛ ማርሽ ረዝሞብህ፣ ከፊትህ የጫነ ሲኖትራክ ሲያዘግም፣ ፍሪሲዮን እያቃጠልክ ነው የምትወጣው። ይህን ለማንም አልመክርም።

የሚያዋጣህ ኦቨርድራይቭ ያለው የራሷ ካምቢዮ ነው። ኦቨርድራይቭ ከካምቢዮው ኋላ ተገጥሞ በዚያው ፍጥነት የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ክፍል ነው። የዚህችው፣ የላይኮክ ሥሪቱ፣ ዙሩን በ0.82 ያባዛዋል፤ በማብሪያ ማጥፊያ ይገባል፣ ይወጣል። ዙርህ ወደ 2,850 ይወርዳል። ሜዳው ላይ፣ ከጫጫ እስከ ሸኖ፣ ታበራዋለህ። ዳገት ሲመጣ ታጠፋዋለህ፤ የድሮው ማርሽህ እንዳለ ነው። ቁልቁለትም ላይ አጥፋው፣ ሞተሩ እንዲይዝልህ። ስትገዛ በፈረንጆች ከ1968 ወዲህ የተሠራውን ፈልግ፤ የቀደመው ካምቢዮ ካንተ ሞተር ጋር አይገጥምም።

ካጣህ፣ ሶማሌ ተራ ባለ አምስት ማርሽ የቶዮታ ካምቢዮ አይጠፋም። ግን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ጎበዝ ቶርኖ ባለሙያ ይሥራልህ። መሐሉ ትንሽ ከሳተ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ከመግዛትህ በፊት የማርሽ ዘንጉ በቦታው መውጣቱን፣ የካርዳኑንም ርዝመት ለካ።

አንድ ነገር አደራ። ለኦቨርድራይቩ 90 የካምቢዮ ዘይት እንዳያስገቡልህ። ኤምጂቢ ካምቢዮዋም የሚጠጣው 20 ደብሊው 50 የሞተር ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ያለው ቅመም ኦቨርድራይቩን ያንሸራትተዋል። በኋላ ማርሽ ላይ ደግሞ ኦቨርድራይቩ እንዳይገባ የሚከለክለው ስዊች መሥራቱን አረጋግጥ። ካልሠራ ይሰብረዋል።

ሲገጠም የፍጥነት ቆጣሪዋ ሊዋሽ ይችላል። በስልክህ ጂፒኤስ አመሳክረው።